ስለ ሰቆጣ ነጭ ማር ብቻ

ይህ ጽሑፍ ስለ ማር ነው። ከማር ሌላ ነገር የሚፈልግ አንባቢ ከወዲሁ ቢመለስ አልቀየምም። ሰቆጣ የሄድኩት ነጭ ማር ልገዛ ነው፤ ያየሁት ንብ ነው፤ የሰማሁትም ድምፅ የንብ ነው። ድምፅ ስል ንብ በክንፉ የሚያሰማውን ማለቴ ነው፤ ሌላ ድምፅ ስለመኖሩ አላጣራሁም።

ከላሊበላ ተነሥቶ በብልባላ በኩል ወደ ሰሜን ለሚወጣ መንገደኛ ዋግ መግባቱን የሚነግረው ምድሩ ራሱ ነው። ዝናቡ ቁጥብ፣ ድንጋዩ ለጋስ ነው። ሰዉ ጥቂቱን አብቃቅቶ መኖር ያውቅበታል፤ ንቡም ከሰዉ ተምሮ ይሁን ሰዉ ከንቡ፣ ክረምቱ ሲወጣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚፈካውን አበባ ተሻምቶ፣ ከእንዲህ ያለ ደረቅ አገር ይወጣል ተብሎ የማይታመን ነጭ ማር ይሠራል። ከተማዋ ከማሩ ሌላ በቃል ኪዳንም ትታወቃለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. አስወግዳለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ቃሉ ከዚያ ወዲህ በየአዳራሹ ብዙ አገር ዞሯል። ሰቆጣ ግን እዚያው ናት።

በእንግድነት ያሳደሩኝ ሽማግሌ ግቢያቸው ከከተማዋ ጫፍ ነው። ሦስት ቀፎ አላቸው። የግብርና ሰዎች ቀፎን በሦስት ይከፍሉታል፦ ባህላዊ፣ የሽግግር እና ዘመናዊ። የሽማግሌው ግቢ ሦስቱንም በተርታ ስለያዘ የተማሪ የታሪክ መጽሐፍ ይመስላል። ባህላዊው በጭቃና በእበት የተለሰነ ረጅም ድብልብል ነው፤ ከአባታቸው የወረሱት፣ አባታቸውም ከአባታቸው። የሽግግሩ ከድብልብሉ ወጥቶ ሣጥኑ ጋ ያልደረሰ ነገር ነው።

«አባቴ፣ ሽግግሩ መቼ ነው የሚያልቀው?» አልኳቸው።

«ስሙ ነው እንጂ ልጄ፣ ቀፎውስ ከተቀመጠ ወዲህ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም» አሉኝ።

ሦስተኛው፣ ዘመናዊው፣ ቀለም የተቀባ ሣጥን ነው። ግንባሩ ላይ ቁጥር አለው። የዚህን ጽሑፍ ነገር ሁሉ ያመጣው እሱ ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ከጭቃው ቀፎ ሳይጀምሩ ስለ ሣጥኑ አያወሩም።

ስለ ጭቃው ቀፎ ሲያወሩ ሳይታወቃቸው ወደ አገሩ ታሪክ ይገባሉ። የዛጉዌ ዘውድ በ1262 ዓ.ም. ገደማ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር፣ የቀደሙት ነገሥታት ዘር በዋግሹምነት እዚሁ ቀረ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሹመቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከወንድም ወደ ወንድም ሲንከባለል ስድስት መቶ ዓመት አለፈው። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ አያደንቁም፣ አይነቅፉምም፤ ስለ ድርቅ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚያወሩት።

«ከዋግ ሹማምንት መካከል በምርጫ የተሸነፈ አለ?» አልኳቸው፣ ለጨዋታ ያህል።

ጥቂት አሰቡ። «አንድ አለ» አሉ። «ዋግሹም ጎበዜ። በ1860 አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ፤ በ1863 ዓድዋ አጠገብ ምርጫ ድል አደረገው።» ካሳ ምርጫን ማለታቸው ነው፤ በኋላ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የተባሉትን። «ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም በምርጫ የተሸነፈ ሹም በዚህ አገር አልሰማሁም።»

በማግስቱ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ወሰዱኝ። ከሰቆጣ ብዙ የማይርቅ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ በሣጥን ውስጥ ሆነው የሚታዩ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፤ የዋግሹሞቹ ናቸው ይባላል። ቆዳቸው ከአጥንታቸው ጋር ተስማምቶ፣ ጊዜ አልፎባቸው፣ ግን አልሄዱም። ከሥልጣን ወርዶ ከአዳራሹ ያልወጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ያኔ ግን ሣጥን ውስጥ አልነበረም። ሽማግሌው ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቂት ቆሙ። «እነዚህ ምረጡን አላሉም» አሉኝ ስንወጣ። «መረጥናችሁ ያላቸውም የለም። በዚህ በኩል ውሸት የለባቸውም።» በሌላው በኩል ያለውን አልጠየቅኳቸውም፤ ፀሐዩ ከርሮ ነበር።

ወደ ማሩ ልመለስ። አባቶቻችን የቀፎውን ራስ «አውራ» ይሉታል፤ ወንድ መስሏቸው ነው፤ እንቁላል ስትጥል ማን አይቷት? ቃሉ በቅርብ ዘመን ከቀፎ ወጥቶ ሌላ ቤት ገብቶ እንደነበረ፣ አውራ መሆን ለአገር ይበጃል የሚል ትምህርትም ይሰጥበት እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውስ። እኔ የማወራው ስለ ንቧ ነው።

በጭቃው ቀፎ አውራ ስትሞት የሚሆነው ይህ ነው። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ቀፎው መሞቷን ያውቃል፤ የሚያሰማው ድምፅ ይለወጣል፤ ዋይታ ይመስላል። ከዚያ ሠራተኞቹ ገና ጥቂት ቀን የሆናቸውን ተራ እጮች ይመርጡና ቤታቸውን ያሰፉላቸዋል፤ ከራሳቸው አመንጭተው ነጭ ወተት የመሰለ ምግብ ያበሏቸዋል። ከተመረጠችውና ካልተመረጠችው እጭ መካከል በትውልድ ልዩነት የለም። የምትለየው በበላችው ነው። እንቁላል በተጣለች በ16ኛው ቀን ገደማ አዲሷ አውራ ትወጣለች። ቀድማ የወጣችውም ያልወጡትን እህቶቿን እየዞረች በየክፍላቸው ትወጋቸዋለች። ይህን ሳልናገር ባልፍ ማሩን መበረዝ ይሆንብኛል፤ የጭቃው ቀፎ ገነት አይደለም። ግን አውራዋ የወጣችው ከዚያው ቀፎ ነው፤ ያሳደጓትም የሚገዙላት ራሳቸው ናቸው።

ከዚህ የሚደንቀው ደግሞ ንቡ ቤት ሲፈልግ ነው። መንጋው ከቀፎ ወጥቶ ዛፍ ላይ እንደ ወይን ዘለላ ሲንጠለጠል አሳሾች በየአቅጣጫው ይሄዳሉ፤ አንዱ ዋሻ፣ አንዱ የዛፍ ቀዳዳ፣ አንዱ የሰው ግድግዳ አይቶ ይመጣል። የተመለሱት እየጨፈሩ ያዩትን ይናገራሉ። ዕድሜውን በዚህ ላይ የጨረሰው አሜሪካዊ የንብ ተመራማሪ ቶማስ ሲሊ እንደሚለው፣ አሳሿ ሌላዋ ስለጨፈረች ብቻ አብራ አትጨፍርም፤ ሄዳ ቦታውን በዓይኗ ታያለች፣ ውስጡን ዞራ ትለካለች፣ ካመነችበት ነው ተመልሳ የምትጨፍር። ክርክሩ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። አውራዋ በዚህ ሁሉ መሀል ምንም ቃል የላትም፤ ሲወስኑ ተከትላ ትበራለች። ሽማግሌው ይህን ሳነብላቸው ሳቁ። «አጨብጭቡ የሚላቸው የለማ» አሉ። አሁንም ስለ ንብ ነው።

ዘመናዊው ቀፎ እንዲህ ዓይነት ውጣ ውረድ የለበትም። እኔ በደረስኩ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ ባለሙያ በሞተር ሳይክል መጣ፤ ትሑት፣ ንጹሕ፣ ቅጽ የያዘ ወጣት ነው። ከደረት ኪሱ ከክብሪት ቀፎ ብዙ የማትበልጥ የእንጨት ሳጥን አወጣ፤ አንድ ጎኗ ወንፊት ሽቦ ነው። ውስጧ አንዲት ረጅም ወገብ ያላት ንብ ትንቀሳቀሳለች።

«ይቺ ማናት?» አሉ ሽማግሌው።

«አዲሷ አውራ ናት፣ አባ።»

«ከየት መጣች?»

«ከላይ ነው የመጣችው። ከማዕከል።»

«የነበረችውስ?»

«ትናንት አንሥተናታል።»

«ምን አጠፋች?»

«ምንም ጥፋት የለባትም። ለሌላ ኃላፊነት ተፈልጋ ነው።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው አዩኝ፤ እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

ከዚያ ባለሙያው በማጨሻው ኩበት አቀጣጥሎ የቀፎውን አፍ አጠነው። ጭሱ ንቡን የሚያሰክረው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ጭስ ሲሸተው ንቡ ቤቱ እሳት የመጣበት ይመስለዋል፤ ጥሎ ለመውጣት ስንቅ እንዲሆነው ማሩን እየተሻማ ይጠጣል። ሆዱ ሲሞላ ወገቡን አጥፎ መናደፍ ያስቸግረዋል። እሳት የለም፤ ስጋቱ ግን አለ፤ ስንቁም ተይዟል፤ ቀፎውም ጸጥ ብሏል። እንዲህ ባለ ሰዓት ክዳን ቢከፈት ማንም ምንም አይልም። ባለሙያው ትንሿን ሳጥን ከሁለት ሰፈፍ መካከል ሸጎጣት። አንድ በር አላት፤ በሩ በማርና በስኳር በተለወሰ ሊጥ ተደፍኗል።

«ስኳሩን ከውስጥም ከውጭም ይልሱታል» ሲል አስረዳን። «ላሱት፣ ላሱት፣ ሲያልቅ በሩ በራሱ ይከፈታል። እስከዚያ ሽታዋን ይለምዱታል።»

«ካልለመዱትስ?»

«ይለምዱታል። ስኳሩ የተሠራው ለዚህ ነው።»

ክዳኑን ገጠመና ቅጹ ላይ ቀን ጻፈ። ሽማግሌው ወደ ቀፎው ጠጋ ብለው በኽምጣና ጥቂት ቃል ተናገሩ። ከንብ ጋር ሁልጊዜ በኽምጣና ነው የሚያወሩት፤ ከባለሙያ ጋር በአማርኛ። ያሉትን አልተረዳሁም። ባለሙያውም ስላልተረዳ ቅጹ ላይ አልሰፈረም።

ስኳሩ እስኪያልቅ አራት ቀን ቆየሁ። ሌሊት ሌሊት በሻማ የያዝኩትን መጽሐፍ አነብላቸው ነበር፤ ስለ ጥንቷ አሜሪካ ነው። ሩቅ አገር፣ ያለፈ ዘመን፣ ከእኛ ጋር የማይነካካ፤ ሰው ሰላም እንዲያድር ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ የለም። ያነበብኩላቸው ቨርጂኒያ ስለምትባል ግዛት ነው። የቨርጂኒያ ሰዎች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1776 ከእንግሊዝ ንጉሥ ሲለዩ በጻፉት ሕገ መንግሥት የግዛቱን ገዢ የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ምክር ቤቱ እንዲሆን ወሰኑ። በየዓመቱ ይመረጣል፤ ከሦስት ዓመት በላይ በተከታታይ መቀመጥ አይችልም።

የመጀመሪያው ምርጫ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ዊልያምስበርግ ላይ ተደረገ። ፓትሪክ ሄንሪ 60፣ ቶማስ ኔልሰን 45፣ ጆን ፔጅ 1 ድምፅ አገኙ።

«አንድ?» አሉ ሽማግሌው። «አንዱ ማን ነው?»

«አይታወቅም። በወረቀት ነው የመረጡት።»

«ፈልገው አላገኙትም?»

«አልፈለጉትም፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ አንድ ሰው እስኪነጋ አላስተኛቸውም መሰለኝ፤ በማግስቱ ጠዋት ቡና ላይ «ቤቱ በሰላም ገባ?» ብለው እንደገና ጠየቁኝ።

በ1779 የሆነው ደግሞ የባሰ ነው። ቶማስ ጄፈርሰን፣ ጆን ፔጅ እና ቶማስ ኔልሰን ለአንድ ወንበር ቀረቡ። መጀመሪያ ሲቆጠር ጄፈርሰን 55፣ ፔጅ 38፣ ኔልሰን 32። ከግማሽ በላይ ያገኘ ስለሌለ እንደገና ቆጠሩ፤ ጄፈርሰን 67፣ ፔጅ 61። ስድስት ሰው! አንድ ትልቅ ግዛት የሚያስተዳድረው ሰው አንድ ማዕድ በሚከብ ሰው ብዛት ተወሰነ። ከመቁጠራቸው በፊት ማን እንደሚሾም አለማወቃቸው የአሠራር ድክመት መሆኑ ግልጽ ነው። ይባስ ብሎ ጄፈርሰን እና ፔጅ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ነበሩ፤ ከምርጫውም በኋላ ወዳጅ ሆነው ቀጠሉ። ተሸናፊው አልታሰረም፣ አልተሰደደም፣ አምባሳደር ተደርጎም ሩቅ አገር አልተላከም። ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ እሱም በተራው ገዢ ሆነ።

በ1781 የእንግሊዝ ጦር ሲገባ ምክር ቤቱ ተበትኖ ሸሸ። ወዲያው ግን ሲሰባሰብ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ራሱ የመረጠውን ጄፈርሰንን በመከላከያው ጉዳይ ይጣራ አለ። ማጣራቱ ባዶ ሆኖ በዓመቱ መጨረሻ አመሰገኑት፤ ግን ጠይቀውታል። ሽማግሌው እዚህ ላይ ሻማውን አስጠጉ።

«የሾሙትን ጠየቁት?»

«ጠየቁት።»

«በሹመት ሳለ ያደረገውን?»

«አዎን።»

«እንግዲያ እነሱ ናቸው የሾሙት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ሳላዳላ የጎደለውንም ነገርኳቸው። ባሪያው አልመረጠም፤ ሴቷ አልመረጠችም፤ መሬት የሌለው ድሃ አልመረጠም። ከቀፎው ብዙው አልተጠየቀም። የቨርጂኒያ ሰዎች ራሳቸው ነገሩ ስላልጣማቸው በ1851 ገዢውን ከምክር ቤቱ እጅ አውጥተው ለመራጩ ሕዝብ ሰጡት፤ ጥቁሩና ሴቷ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጠበቁ።

«የእኛስ?» አሉኝ።

የእኛ ሕግ ከቨርጂኒያ ብዙ አይርቅም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው፤ ተጠሪነቱም ለወከለው ሕዝብ ነው። ሕዝብ ተወካይ ይመርጣል፤ ተወካዮቹ ባሕር ዳር ተሰብስበው ርዕሰ መስተዳድር ይመርጣሉ። ዋግ ኽምራም የራሱ የብሔረሰብ ምክር ቤት አለው፤ ሰቆጣ ተቀምጦ ዋና አስተዳዳሪውን ይመርጣል። ወረቀቱን ላየ ሰው ከቨርጂኒያ የምንለየው በጊዜ አጠቃቀም ብቻ ነው። እነሱ መጀመሪያ ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ማን እንደተመረጠ ያውቃሉ። እኛ ቅደም ተከተሉን አቃለነዋል። አፈ ጉባኤው «የሚደግፍ» ሲል እጅ ይወጣል፤ «የሚቃወም» ሲል አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ «ድምፀ ተዓቅቦ» ሲል አንድ ሰው ያስላል። ዜና አንባቢውም «በሙሉ ድምፅ» ይላል። ድምፁ በእውነት ሙሉ ነው፤ ስንጥቅ የለበትም።

በዚህ በኩል የደረስንበት ከፍታ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. ከክልሉ ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች 294ቱ ለአንድ ወገን ሆኑ፤ በ2007ም እንዲሁ። ያን ሰሞን የንብ ሥዕል ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም፤ እኔ የማር ምርት ዘመቻ መስሎኝ ነበር።

«ያች ንብ እኮ የዚሁ አገር ንብ ናት» አሉኝ ሽማግሌው። «በኅዳር 1973 ስትነሣ በእነዚህ ተራሮች ነው ያደገች። ያኔ ቅጠልም እየቀሰመች ነበር። ማሩ ወዴት እንደሄደ እንጃ።»

ለመዝገብ ያህል ይህንንም ልጻፍ። ክልሉ ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ የካቲት 2011 ዓ.ም. በነበረው ሩብ ምዕተ ዓመት አዲሱ ለገሠ፣ ዮሴፍ ረታ፣ አያሌው ጎበዜ እና ገዱ አንዳርጋቸው በተራ ተቀመጡ፤ አራት ሰዎች። ከየካቲት 2011 እስከ ነሐሴ 2015 ባለው አራት ዓመት ተኩል ደግሞ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህ፣ አገኘሁ ተሻገር፣ ይልቃል ከፋለ እና አረጋ ከበደ ተሾሙ፤ አምስት። አምባቸውን ከዚህ ቆጠራ አወጣቸዋለሁ፤ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በጥይት ተገድለዋልና በእሳቸው ላይ ጨዋታ የለም፤ ነፍስ ይማር። ስለ ሌሎቹም የምለው የለኝም። ምክር ቤቱ ግን ታታሪ ነው። ስንት ጊዜ ተጠራ፣ ያን ያህል ጊዜ መረጠ። የነበረውን ሲያሰናብትም በዚያው እጅ ነው፤ እጁ አልዛለም። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል፤ ንብ አርቢዎች ቀፎ ቶሎ ቶሎ አይከፈትም ይላሉ። አውራው በተለዋወጠ ቁጥር ንቡ ሥራ ይፈታል፣ ማሩ ይቀንሳል፣ ቀፎውም ይቆጣል። ይህ የንብ ጠባይ ነው፤ የሰው ምን እንደሆነ ባለሙያ ይናገር።

ሽማግሌው ስሞቹን በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆዩና፣ «ሁሉም ከዚያው ቀፎ ናቸው?» አሉኝ።

«ከክልሉ ናቸው፣ አባቴ።»

«እሱን አላልኩህም። በማን እጅ ገቡ?»

ሻማው አልቆ ስለነበር ተኛን።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ባለሙያው ተመለሰ። ክዳኑን ከፍቶ ትንሿን ሳጥን መዘዛት። ስኳሩ አልቋል፤ በሩ ተከፍቷል፤ ሳጥኗ ባዶ ናት። አውራዋ ሰፈፉ ላይ ቀስ ብላ ትሄዳለች፤ ዙሪያዋን ጥቂት ንቦች ፊታቸውን ወደ እሷ አድርገው ከበዋታል። እስኪ እውነቱን ልናገር፣ ታምራለች። ወገቧ ረጅም ነው፣ አረማመዷ የተጠና ነው። ጥፋቱ የእሷ አይመስለኝም፤ እሷም ብትሆን በሳጥን ነው የመጣችው።

ባለሙያው ቅጹን አወጣ። «አውራዋ ተቀባይነት አግኝታለች?» ብሎ አነበበ፣ ለራሱ። «አዎ» ብሎ መለሰ፣ ለራሱ። «ከቀፎው ምን ያህሉ ተቀበላት?» የሚል ቀጥሎ ነበረ። ብዕሩን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ጥቂት አሰበና «መቶ በመቶ» ብሎ ጻፈ። ሽማግሌውን አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ አስፈረማቸው። ቀለሙ እስኪደርቅ ጣታቸውን ከፍ አድርገው ያዙት፤ ከሩቅ ለሚያይ እጅ ያወጡ ይመስሉ ነበር።

ሞተር ሳይክሉ ሲርቅ ማሬን ገዛሁ። ሁለት ዓይነት አቀረቡልኝ። የዘመናዊው ተጣርቶ፣ ጠርቶ፣ በላስቲክ ማሰሮ የታሸገ ነው፤ ሰም የሚባል የለበትም። የጭቃው ቀፎ ከነሰፈፉ ነው፤ በቅል ነው የሰጡኝ። የኋለኛውን ወሰድኩ፤ ሰም የሌለው ማር ስኳር ይሁን ማር በምን ይታወቃል?

ቅሉን ስይዝ ሽማግሌው ክንዴን ነካ አድርገው ዝም እንድል ምልክት ሰጡኝ። ፀሐይ ወጥታ ግቢው ሞቋል። ከዘመናዊው ቀፎ አፍ ላይ ንቦች አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ በሩ ላይ ጥቂት ቆም ይሉና ክንፋቸውን ያራግባሉ፤ ከዚያ ይበራሉ። ወደ አበባው ወደ ቁልቁለቱ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ስከተላቸው ብዙዎቹ በግቢው አንድ ዙር ዞረው፣ የሽግግሩንም ቀፎ አልፈው፣ ግድግዳው ሥር ባለው በጭቃው ቀፎ ቀዳዳ ይገባሉ። የገቡት አይመለሱም።

«ስንት ይሆናሉ?» አሉኝ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ አልቆጠርኩም። መቁጠር የቨርጂኒያ ሰዎች ልማድ ነው።